የ43ኛው ንጥረ ነገር ባለቤት ማን ነው?

ትንፋሽ ያጠረውና ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ፣ ሐኪሞች የረጋ ደም የሳንባውን ደም ሥር ዘግቶት እንደሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ማወቅ አለባቸው። የሲቲ ስካን መድኃኒት ኩላሊቱን እንዳይጎዳው ሲሰጉ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥሩ ይሰጡታል፤ ጋማ ካሜራውም ደም ያልደረሰበትን የሳንባ ክፍል ለይቶ ያሳያል። ይህን 43ኛ ንጥረ ነገር ማን አገኘው የሚለው ክርክር 100 ዓመት አልፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1925 በጀርመን ኢዳ ታከ፣ ዋልተር ኖዳክና ኦቶ በርግ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። አንደኛው፣ ሬኒየም፣ እውነት ሆኖ ጸና። 43ኛውን ግን፣ ማዙሪየም ያሉትን፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ሊደግመው አልቻለም። ኢዳ በቀላሉ የሚናቁ ሰው አልነበሩም፤ የዩራኒየም አቶም ሊሰነጠቅ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1934 ያነሱት እሳቸው ናቸው።

በ1937 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርነስት ላውረንስ ከበርክሌይ ሳይክሎትሮን (የቅንጣት ማፋጠኛ) የወጣ የሞሊብዲነም ቁራጭ ጣሊያን ፓሌርሞ ለነበሩት ለኤሚሊዮ ሴግሬ በፖስታ ላኩላቸው። ሴግሬና የማዕድን ሊቁ ካርሎ ፔሪየር ከዚያ ቁራጭ 43ኛውን ለዩ።

ከ50 ዓመት በኋላ ግን ጥቂት ተመራማሪዎች ለጀርመኖቹ ጥብቅና ቆሙ። ማዕድናቸው ዩራኒየም ነበረበት፤ ዩራኒየም ደግሞ በራሱ ሲሰነጠቅ ቴክኒሺየም ይሰጣል አሉ። ይሰጣል፤ መጠኑ ግን ኢምንት ነው። በ1961 ከ5.3 ኪሎ የዩራኒየም ማዕድን የተገኘው የግራም ቢሊዮንኛ ያህል ብቻ ነበር። የ1925ቱ የኤክስሬይ መሣሪያ ይህን ለማየት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ክብሩ ለፓሌርሞ ይገባል።

በ1938 የፋሺስት ጣሊያን የዘር ሕግ አይሁዳዊውን ሴግሬን ከሥራቸው አፈናቀላቸው። በወቅቱ በነበሩበት በበርክሌይ ቀርተው ከግሌን ሲቦርግ ጋር ቴክኒሺየም-99ኤምን አገኙ፤ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ለታማሚ የሚስማማ ነው። ለቴክኒሺየም ቀጣዮቹ ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ቴክኒሺየሙ ከሞሊብዲነም-99 እንደ ላም ወተት በየዕለቱ የሚታለብበትን መሣሪያ ሠሩ፤ ሃል አንገርም ጋማ ካሜራውን አበረከቱ።

ሞሊብዲነሙም ቢሆን በ66 ሰዓት ግማሹ ስለሚጠፋ በመጋዘን አይከማችም። በ2009 የካናዳው ቾክ ሪቨር ሬአክተር ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆም በብዙ አገሮች ምርመራዎች ተስተጓጉለዋል። ጽኑ ሕሙማንን በዚህ ዘዴ ለመመርመር የሚነሳ አገር ሁሉ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት የማይቋረጥ አቅርቦት ማረጋገጥ ይኖርበታል።