ከአጫጮች ብዛት ባሻገር፦ ዮናና ሰብለወንጌል

ሐረም በሚባለው የጃፓን አኒሜ ዘርፍ አንድ ገጸ ባሕርይ በብዙ አፍቃሪዎች ይከበባል። ተመልካቹን የሚያቆየው «ማን ይመረጥ ይሆን?» የሚለው ጉጉት በመሆኑ ምርጫው በዘገየ ቁጥር ክፍሉ ይበዛል። አብዛኞቹ ሥራዎች የሚሰለቹትም በዚሁ ነው፤ መምረጥም ሆነ አለመምረጥ ማንንም ዋጋ አያስከፍልም።

«አካትሱኪ ኖ ዮና» ከዚህ ይለያል። ሚዙሆ ኩሳናጊ በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ይህ ማንጋ በ2014 በስቱዲዮ ፒየሮ ወደ አኒሜ ተቀይሮ በ24 ክፍል ታይቷል። ልዕልት ዮና የምትወደው የአጎቷ ልጅ ሱዎን አባቷን ሲገድል ታያለች። ከጠባቂዋ ከሃክ ጋር ሸሽታ ጸጉሯን ትቆርጣለች፣ ቀስት ትለማመዳለች፤ ከሁሉም በላይ በቤተ መንግሥት ሳለች ያላየችውን የሕዝቡን ረኀብ ታያለች። የሚከተሏት አራቱ የዘንዶ ተዋጊዎችም መጀመሪያ ያሰባሰባቸው ፍቅር ሳይሆን ጥንታዊ የደም ቃል ኪዳን ነው።

በአማርኛ ልብ ወለድ ለሐረም ዘርፍ ልማድ የሚቀርበው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ይመስለኛል፤ ጀግናዋ ጦቢያ ወንድ መስላ ስትኖር ከንጉሥ ቤት የሆነች ወጣት ትወዳታለች፣ ታሪኩም በጋብቻ ይፈታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ይህን ልማድ ገለበጡት።

የዚህ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሰብለወንጌል የምትኖረው ደራሲው ራሳቸው በተማሩበት በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ጠያቂ አላጣችም። ምርጫው ግን የእሷ አይደለም፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ሐረግ እየቆጠሩ አጫጮቿን ይመልሳሉ። ልቧ የወደደው አስተማሪዋ በዛብህ ከነጭራሹ ከተራው ውጭ ነው፤ ድኻ ከመሆኑ በላይ የብፅዐት ልጅ፣ ማለትም በስእለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው። አጫጮችን ያስመለሰው ኩራት በገበሬው ላይ ግብር ያስጨምራል፤ የገበሬዎቹን መሪ አበጀ በለውንም በፊታውራሪው ላይ ያስነሣል። የፍቅሩ ታሪክና የግብሩ ታሪክ ሁለት መስለው ሥራቸው አንድ ነው። ከዮና ጋር የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም የተመቻት ልጅ ቤት በማን ላብ እንደቆመ ይጠየቃል። ሐዲስ ግን ጠልቀው ሄደዋል። ሥርዐቱን የሚተቸው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ በረጅም ንግግሩ ትረካውን ያዘገየዋል (አንዳንዱ ቢያጥር አልጠላም)፤ ሆኖም እሱ ባይኖር የሁለቱ ወጣቶች መከራ የዕድል ጉዳይ መስሎ በቀረ ነበር።

አኒሜው የዘንዶ ተዋጊዎቹ እንደተሟሉ ያበቃል፤ የዮና ፍቅር ገና እልባት አላገኘም። ሰብለወንጌል ግን የአባቷን ቤት ጥላ ስትወጣ ውሳኔዋን ጨርሳ ነው፤ በዛብህንም የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው።