ክላውዲያ ፔሽታይን

ክላውዲያ ፔሽታይን በረጅም ርቀት የበረዶ ላይ የፍጥነት ሸርተቴ ስሟ የገነነ ጀርመናዊት ስፖርተኛ ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1972 በምሥራቅ በርሊን ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1992 እስከ 2006 በተካሄዱ አምስት የክረምት ኦሊምፒኮች 5 ወርቅ፣ 2 ብርና 2 ነሐስ፣ በድምሩ 9 ሜዳሊያዎች ወስዳለች። በ2009 በደም ምርመራ ውጤት ብቻ ላይ ተመሥርቶ የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለባት፤ በሰውነቷ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር ግን ተገኝቶባት አያውቅም። ከዚያ በኋላ የጀመረችው ክርክር ለብዙ ዓመታት ከሎዛን ሙኒክ፣ ከካርልስሩኸ ስትራስቡርግ ሲመላለስ ኖሯል። የስፖርት አፍቃሪው የሚያስታውሳት በወርቆቿ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ስሟ የሚነሣው ወርቁን ጭራሽ በማያነሡ ሰዎች አፍ ነው።

ስፖርቱ

በዚህ ስፖርት የሴቶች ረጅም ርቀት የሚባሉት 3000 እና 5000 ሜትር ናቸው። ውድድሩ ዙሪያው 400 ሜትር በሆነ የበረዶ መም ላይ ይካሄዳል፤ 5000 ሜትር ለመጨረስ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ያስፈልጋል። ተወዳዳሪዎቹ እንደ ሩጫ በአንድነት አይነሡም። ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፣ በየዙሩም የውስጥና የውጭ መስመር ይቀያየራሉ። አጠገብ ያለችውን ተወዳዳሪ መቅደም ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። ቀድማ የጨረሰች ስፖርተኛ የመጨረሻዎቹ ጥንዶች እስኪገቡ ድረስ ሜዳሊያዋን በሌሎች እግር ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የፔሽታይን ሁለት ታላላቅ ድሎች ያለዚህ አሠራር አይገቡም።

ከምሥራቅ በርሊን እስከ ሊልሃመር

ፔሽታይን በረዶ ላይ የወጣችው ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ መጀመሪያ የጀመረችውም በጥበባዊው ሸርተቴ ነበር። በኋላ ወደ ፍጥነቱ ዞራ በምሥራቅ ጀርመን የስፖርት ሥርዓት ውስጥ በዲናሞ በርሊን ክለብ አደገች። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። አሠልጣኟ ዮአኺም ፍራንከም የዚያው ሥርዓት ሰው ነበር።

በ1992 በአልበርቪል ኦሊምፒክ ጀርመን ከውሕደቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቡድን ቀረበች። በ5000 ሜትር ሦስቱንም ሜዳሊያ ጀርመናውያት ወሰዱት፤ ወርቁን ጉንዳ ኒማን፣ ብሩን ሃይከ ቫርኒከ፣ ነሐሱን ደግሞ የ19 ዓመቷ ፔሽታይን። ሦስቱም ያደጉት በምሥራቁ ክፍል ነበር። አገሪቱ ከካርታ ብትጠፋም አሠልጣኞቿና መሞቿ ገና ሥራ ላይ ነበሩ።

የዘመኑ ንግሥት ኒማን ነበረች። የኤርፉርቷ ስፖርተኛ ስምንት ጊዜ የአጠቃላይ ውጤት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በከተማዋ ያለው የበረዶ አዳራሽ ዛሬ በስሟ ይጠራል። በእንዲህ ያለች ሰው ዘመን በዚያው ርቀት፣ ለዚያው አገር መወዳደር ዕድሜ ልክ ሁለተኛ መሆንን የሚያስከትል ይመስላል። በኦሊምፒክ 5000 ሜትር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1994 በሊልሃመር ፔሽታይን ርቀቱን በ7:14.37 ጨርሳ ወርቁን ስትወስድ ኒማን በግማሽ ሰከንድ ያህል ተበልጣ ብር አገኘች። በ3000 ሜትርም ፔሽታይን ነሐስ ጨመረች።

ናጋኖና ሶልት ሌክ ሲቲ

በ1998 ናጋኖ ላይ የሆነው በዚህ ስፖርት ታሪክ ደጋግሞ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ተረከዙ ከስለቱ የሚላቀቀው አዲሱ የክላፕ ጫማ ተስፋፍቶ ስለነበር የቆዩ ክብረ ወሰኖች በየርቀቱ ይወድቁ ነበር። በሴቶች 5000 ሜትር ኒማን (ያኔ ኒማን ሽቲርነማን ተብላለች) 6:59.65 ገብታ ከሰባት ደቂቃ በታች የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ክብረ ወሰኑ ግን ዕለቱን እንኳ አልዋለም። ፔሽታይን 6:59.61 ገባች። ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱን የለያቸው አራት መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ በበረዶው ላይ ሲለካ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። በ3000 ሜትር ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ወርቁ ለኒማን፣ ብሩ ለፔሽታይን ሆነ።

በ2000 ፔሽታይን በሚልዋኪ በአራት ርቀቶች ድምር የሚለካውን የአጠቃላይ የዓለም ሻምፒዮናነት አገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶልት ሌክ ሲቲ የደረሰችበት ከፍታ ግን ሌላ ነው። 3000 ሜትርን በ3:57.70 ጨርሳ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች። በ5000 ሜትር ኔዘርላንዳዊቷ ግሬታ ስሚት ቀድማ ወጥታ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባ ትጠብቅ ነበር። ፔሽታይን 6:46.91 በመግባት ከስሚት ከሁለት ሰከንድ በላይ ቀነሰች፤ በአማካይ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የዚያ አዳራሽ ስስ አየር ለፍጥነት ያግዛል፤ ሆኖም የሚያግዘው ለሁሉም ነበር። ያ ሰዓት ቼኳ ማርቲና ሳብሊኮቫ በ2007 እስክትሰብረው ድረስ አምስት ዓመት ቆይቷል። በአንድ ርቀት በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ወርቅ ማግኘቷም እዚያ ተፈጸመ።

በእነዚያ ሳምንታት የጀርመን ጋዜጦች የሚያወሩት ስለ ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። በፔሽታይንና በቡድን ጓደኛዋ፣ በባቫሪያዋ አኒ ፍሪዚንገር መካከል የነበረው ቅሬታ ርእስ ሆኖ ሰነበተ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶሪኖ ሁለቱም በአንድ ቡድን ተሰልፈው ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካሄደውን የቡድን ማሳደድ ውድድር አሸነፉ። ፔሽታይን በ5000 ሜትር በካናዳዊቷ ክላራ ሂዩዝ በአንድ ሰከንድ ተበልጣ ብር ወሰደች፤ የመጨረሻው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋም እሱ ሆነ።

ሃማር 2009

በፌብሩዋሪ 2009 በኖርዌይ ሃማር ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ኅብረት የተወዳዳሪዎችን ደም መረመረ። በፔሽታይን ደም ውስጥ ከመቅኔ አዲስ የወጡት፣ ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት ለጋ ቀይ የደም ሴሎች መጠን 3.5 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ኅብረቱ እንደ ወሰን የያዘው 2.4 በመቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተደረገ ምርመራ መጠኑ ወደ 1.37 ወርዷል። የኅብረቱ ክስ ይህ መዋዠቅ ደምን በሰው ሠራሽ መንገድ የማጠናከር ምልክት ነው የሚል ነበር። እሷ ግን ምንም አልወሰድኩም አለች፤ ከዚህ ቃሏም አልተነቃነቀችም።

ጁላይ 2009 የሁለት ዓመት እገዳው ታወጀ። በሎዛን የሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት በኖቬምበር አጸናው። እስከዚያ ድረስ አንድ ስፖርተኛ የሚታገደው በሽንቱ ወይም በደሙ ውስጥ የተከለከለ ነገር ሲገኝ፣ አለበለዚያም ምስክርና ሰነድ ሲቀርብበት ነበር። እዚህ ግን ማስረጃው ከጊዜ ወደ ጊዜ የተመዘገበ የደም ቁጥር ብቻ ነው። የአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ይህን እንደ ትልቅ እርምጃ አዩት፤ ዛሬ የስፖርተኞች የደም ፓስፖርት የሚባለው አሠራርም በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ሆኖም ቁጥር ተርጓሚ ይፈልጋል፤ ክርክሩም የተነሣው ከትርጉሙ ነው።

በ2010 የደም ሐኪሞች፣ በተለይም የድሬስደኑ ፕሮፌሰር ጌርሃርት ኤኒንገር፣ ሌላ ምክንያት አቀረቡ። ፔሽታይን ከአባቷ የወረሰችው፣ ስፌሮሳይቶሲስ የሚባል ቀለል ያለ የደም ሕመም አለባት አሉ። በዚህ ሕመም ቀይ የደም ሴሎች እንደ ወትሮው ጠፍጣፋ ሳይሆኑ ክብ ይሆናሉ፤ ጣፊያ ቶሎ ታፈርሳቸዋለች፣ መቅኔም የጎደለውን ለመሙላት ለጋዎቹን ያበዛል። የስዊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩን እንደገና ለማየት አልፈቀደም፤ ማስረጃው ቀድሞ መቅረብ ነበረበት የሚል መልስ ሰጠ። በዚህ መካከል የቫንኩቨር ኦሊምፒክ አለፈ። የጀርመን ሴቶች ያለ እሷ የቡድን ማሳደዱን ወርቅ ደገሙት።

በ2015 የጀርመን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ከምርመራው ውጤት ተነሥቶ አበረታች መድኃኒት ተጠቅማለች ማለት አይቻልም ብለው ደመደሙ፤ የኮሚቴው ፕሬዚዳንትም ይቅርታ ጠየቋት። የሎዛኑ ውሳኔ ግን በይፋ አልተሻረም።

በፍርድ ቤት

የክርክሯ እምብርት ደም አልነበረም፤ ፊርማ ነበር። ማንኛውም ስፖርተኛ በዓለም ሻምፒዮና ለመወዳደር ቅጽ ይፈርማል። በቅጹ ላይ አለመግባባት ቢነሣ የሚዳኘኝ የሎዛኑ የግልግል ፍርድ ቤት ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አለ። አልፈርምም ያለ አይወዳደርም። ታዲያ እንዲህ ያለው ፊርማ በፈቃድ የተሰጠ ነው? ፔሽታይን ኅብረቱን ለደረሰባት ኪሳራ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ካሣ ስትጠይቅ ያነሣችው ይህን ጥያቄ ነው።

መልሱ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲገለባበጥ ኖረ። የሙኒክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዩዋሪ 2015 ስምምነቱ ዋጋ የለውም ብሎ በር ከፈተላት። በጁን 2016 በካርልስሩኸ ያለው የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልሶ ዘጋው። በኦክቶበር 2018 ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መሐል መንገድ ያዘ። ፊርማው በነጻ ፈቃድ የተሰጠ አይደለም አለ፤ የግልግል ፍርድ ቤቱ ነጻ አይደለም የሚለውን አቤቱታዋን ግን በድምፅ ብልጫ ጣለው። በሕዝብ ፊት በግልጽ ችሎት እንድትሰማ ጠይቃ መከልከሏ መብቷን የጣሰ ነው ብሎም 8000 ዩሮ ፈረደላት። ገንዘቡ ለጠበቆቿ ወረቀት እንኳ የሚበቃ አይመስልም፤ ፍርዱ ግን ሎዛንን አንቀሳቅሷል። የግልግል ፍርድ ቤቱ ከ2019 ጀምሮ በዲሲፕሊን ጉዳይ ስፖርተኛው ሲጠይቅ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበትን ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት የቻይናዊው ዋናተኛ የሱን ያንግ ጉዳይ በሞንትሬ በግልጽ ችሎት ታየ።

በ2022 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የ2016ቱን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ወደ ሙኒክ መለሰው። ምክንያቱም ያው የግልጽ ችሎት ጥያቄ ነበር። ልብ ማለት የሚገባው ከእነዚህ ችሎቶች አንዱም ንጹሕ ናት ወይም ጥፋተኛ ናት ብሎ አለመፍረዱ ነው። ያሸነፈችው እንዴት ልትዳኝ ይገባት ነበር በሚለው ላይ ነው።

ወደ በረዶው መመለስ

እገዳው በፌብሩዋሪ 2011 ሲያበቃ ዕድሜዋ 39 ሊሞላ ነበር። አብዛኛው ሰው የተመለሰችው ለእልህ ነው አለ፤ እልህ መኖሩ አይካድም። በዚያው ወር መወዳደር ጀመረች፣ ማርች ላይም በኢንዜል የዓለም ሻምፒዮና በ5000 ሜትር ነሐስ ወሰደች። በ2014 በሶቺ ኦሊምፒክ በ3000 ሜትር አራተኛ፣ በ5000 ሜትር አምስተኛ ሆነች። በ2017 በኮሪያዋ ጋንግኑንግ፣ 45 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት፣ ከሳብሊኮቫ ቀጥላ የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘች። ከሜዳሊያዎቿ ሁሉ ለማመን የሚያስቸግረው ይህኛው ነው፤ ከጎኗ የሚወዳደሩት አንዳንዶቹ እሷ የመጀመሪያ ወርቋን ስትወስድ ገና አልተወለዱም ነበር።

በ2022 በቤጂንግ ከቦብስሌይ ነጂው ፍራንቸስኮ ፍሪድሪሽ ጋር የጀርመንን ባንዲራ ይዛ ገባች። ስምንተኛ ኦሊምፒኳ ነበር፤ በክረምት ኦሊምፒክ ከሴቶች ይህን ያህል የተሳተፈ የለም፣ ከወንዶችም ጃፓናዊው ዘላይ ኖሪያኪ ካሳይ ብቻ ነው። በ3000 ሜትር ከሃያ ተወዳዳሪዎች ሃያኛ ወጣች። በጅምላ በሚነሣው ውድድር ግን ፍጻሜ ደርሳ ዘጠነኛ ሆነች። ጨዋታው በተዘጋ በሁለተኛው ቀን 50 ዓመት ሞላት።

ፔሽታይን የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ናት፤ በጀርመን ብዙ የክረምት ስፖርተኞች ደመወዛቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው። በ2021 የክርስቲያን ዴሞክራቲክ ኅብረት ፓርቲን ወክላ በበርሊን ለፓርላማ ተወዳድራ በግሬጎር ጊዚ ተሸነፈች። በ2023 በፓርቲው ስብሰባ ላይ የፖሊስ ዩኒፎርም ለብሳ ንግግር ማድረጓም ብዙ ትችት አስነሥቶባታል። በ2025 ከዓለም አቀፉ ኅብረት ጋር የነበራት ክስ በስምምነት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት በ53 ዓመቷ ውድድር አቆመች።