ስለ ርካሽ ሳንቲሞችና ጎንደር ስለ ተቀበለችው ገንዘብ

በእኛ አገር አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው «ይህ ምን ይገዛልሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ «ምንም» ነው። እኔም የምሰበስበው እንዲህ ምንም የማይገዛውን ነው፤ የወርቁና የብሩ ዋጋ ከተማሪ ኪስ በላይ ነውና። ይሁን እንጂ በአንዲት ትንሽ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ባሉት ሳንቲሞች የከተማችንን የጎንደርን ታሪክ መከታተል ይቻላል። ይኸውም ነገሥታትና መንግሥታት ስማቸውንና መልካቸውን በገንዘብ ላይ ሲያስቀርጹ፤ የገበያው ሕዝብ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን እንደ ናቀ ሳንቲሞቹ ራሳቸው ስለሚመሰክሩ ነው። ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለውድ አንባቢዎች ይህንኑ በአጭሩ ላቀርብ አስቤአለሁ።

ጥንታዊት አክሱም ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ታወጣ ነበር። ከንጉሥ እንዱቢስ የጀመረው ይህ ገንዘብ በንጉሥ ዒዛና ዘመን መስቀል ተቀረጸበት። ከመዳቡም ገንዘብ በአንዳንዱ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል በጽርእ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሥ ገንዘብ ሲያወጣ የሕዝቡን ደስታ መመኘቱ ያስገርመኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከወጡት ሁሉ ይህን ያህል ትሕትና ያለው ገንዘብ አላየሁም።

የአክሱም ገንዘብ ከቆመ በኋላ ግን ከ1,200 ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ አላሳተሙም። የሐረር አሚሮች ለከተማቸው ትንንሽ ሳንቲም ያወጡ ነበር፤ ያን የሚያህል ግንብ ያሠሩት ዐፄ ፋሲለደስና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት የጎንደር ነገሥታት ግን አንዲት ሳንቲም እንኳ አላስቀረጹም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር በገባ ጊዜ ትልቁ ግብይት በወቄት በሚመዘን ወርቅ፤ ትንሹም በአሞሌ ጨው ይካሄድ ነበር። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ስለሚመጣ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ዝናብ ያሟሟዋል፤ በመንገድም ይሰበራል። ሆኖም ከገንዘብ ሁሉ ወጥ ውስጥ ሊጨመር የሚችለው እርሱ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ማርትሬዛ መጣ። ማርያ ተሬዛ ከ1740 እስከ 1780 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያን የገዛች ንግሥት ናት። መልኳ ያለበት ብር ከ1741 ጀምሮ ይታተም ነበር፤ ከሞተችም በኋላ ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ የሞተችበትን የ1780ን ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አባቶቻችን ጠገራ ብር ብለው የጠሩት ይህንን ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ብር እንዲሁ በዓይን አይቶ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በግልጽ መታየታቸውን፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ አለመፋቁን፤ ከምስሏም ግርጌ ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉት ሁለት ፊደላት መኖራቸውን ይመረምር ነበር። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ወይም ያረጀ እንደ ሆነ ሻጩ ይመልሰዋል፤ አለዚያም ዋጋውን ይቀንሳል። የላቲን ፊደል የማያነብ ገበሬ ሁለት የላቲን ፊደላትን እንደ ማኅተም አጥንቶ ያዘ ማለት ነው! በውጭ አገር የተጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን እንደ አጉል ልማድ ያዩታል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ ምን ሊሆን እንደሚችል አይታየኝም። መንግሥት ዋስ ያልሆነለትን ገንዘብ ሕዝቡ በዓይኑና በጣቱ ዋስ ሆነለት።

የዚህ ብር ታሪክ ለጎንደር ሰው የሚያሳዝን ገጽም አለው። እንግሊዞች የቋራውን ጀግና ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየርን ሲልኩ፤ በመንገድ ላይ እህልና ከብት የሚሸጥ ሰው የእንግሊዝን ወርቅ እንደማይቀበል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለዘመቻው በቪየና አዲስ ማርትሬዛ አስመቱ። ሠራዊቱ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ገብሱንና ሣሩን የገዛው በዚህ ብር ነው። መድፉ ብዙ ጊዜ ይተረካል፤ የብሩ ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። በእኔ አስተያየት ያለ ብሩ መድፉ መቅደላ ባልደረሰም ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት ቆርጠው በፓሪስ አሳተሙ፤ የመጀመሪያዎቹም 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸዋል። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፤ በሌላው ወገን ዘውድ የደፋው አንበሳ አለ። አንበሳውን ልብ ብሎ ለተመለከተ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ ያነሣው የግራ እግሩን ሲሆን በኋለኞቹ ላይ የቀኙን ነው። ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳ የተባሉት ስሞች በገበያ ተለመዱ፤ «ቤሳ የለኝም» የምንለውም ከዚያው የቀረ ነው። ይሁን እንጂ የሰሜኑ ገበያ ማርትሬዛን አልተወም። የታላቁ ንጉሥ የዐድዋ ድል ዓለምን ሲያስደንቅ፤ ብራቸው ግን በገዛ አገራቸው የሞተችውን የኦስትሪያ ንግሥት ሊያሸንፍ አልቻለም። ለዝርዝርም ጨውና ጥይት ለረጅም ጊዜ ያገለግሉ ነበር።

ኢጣሊያኖች የሕዝቡን ጠባይ አይተው በተንኮል ሊገቡበት ሞከሩ። በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ማርትሬዛን የሚመስል፤ የሴት ምስልና ንስር ያለበት ብር አወጡ። ሆኖም ሴትዮዋ ሌላ መሆኗን ገበያው ወዲያው አውቆ ናቀው። ስለዚህ ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. እውነተኛውን የማርትሬዛ ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮማ ማሳተም ጀመረ። አገራችንን ሊወር የመጣው ጦር የያዘው ብር ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ብር ነበር ማለት ነው።

ጠላት ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘመን የቀሩት ትንንሽ የኢጣሊያ ሳንቲሞች ዋጋቸው እጅግ ርካሽ ነው፤ ከሣጥኔም ውስጥ የምወደው ከእነዚሁ አንዱ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ የ20 ቼንቴዚሚ ሳንቲም ነው። በአንድ ወገን «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ፣ ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ንጉሠ ነገሥት የተባለውም የኢትዮጵያ መሆኑ ነው። ዓመቱ 1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአጠገቡም የፋሽስቶች 20ኛ ዓመት በሮማ ቁጥር ተጽፏል። እንግዲህ አንባቢ ያስላ! ጄኔራል ናዚ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፤ ማለትም በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ነው። ሮማ ግን በሚከተለው ዓመት ንጉሥዋን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እያለች ሳንቲም ታወጣ ነበር። ይህን ውሸት በመጽሐፍ ከማንበብ በእጅ መዳፍ ይዞ ማየት እጅግ ይለያል።

ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት ሠራ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ አዲስ ገንዘብ ታወጀ። አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ስለ ነበረ ሕዝቡ 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ሽልንጉ ራሱ ከጠፋ በኋላ ቀረ። የእነዚህ ሳንቲሞች ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ እንደ ማርትሬዛም 1780 ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ታተመ። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ «ዘውድ»፤ አንበሳው «ጎፈር» ተባለ። በ1969 ዓ.ም. በወጡት ሳንቲሞች ዘውዱ ቀርቶ የአንበሳ ራስ ተተካ፤ ይሁን እንጂ ዕጣ ሲጣል «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» የሚል ሰው ዛሬም አይታጣም።

የውጭውም አገር ሳንቲም በከተማችን ይገኛል። በመተማ በኩል የሚመጣው የ1956 እ.ኤ.አ. የሱዳን ሳንቲም ግመል ጋላቢ አለበት። ዘመዶቻቸው እስራኤል ያሉ ሰዎች የሚያመጡት 10 አጎሮት ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ሲኖርበት ዓመቱ በዕብራይስጥ ፊደላት ይጻፋል፤ ፊደል እንደ ቁጥር ማገልገሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የግእዝ ቁጥራችንም ከጽርእ ፊደላት የመጣ ነውና። በቀድሞው የኢጣሊያ 10 ቼንቴዚሚ ላይ ደግሞ ንብ አበባ ላይ አርፋለች፤ ማር ለሚወድ አገር የምትስማማ ሳንቲም ናት።

መሰብሰብ ለሚጀምር ጓደኛ ጥቂት ነገር ልንገር። ሳንቲሙን በሎሚና በአመድ ማሸት ጽሑፉን ስለሚያጠፋ አይገባም። በትንሽ ፖስታ አስገብቶ የት እንደ ተገኘ በላዩ መጻፍ ይበቃል። ማርትሬዛ የሚያሳይህ ሰው ቢኖር ጠርዙን ተመልከት፤ በእውነተኛው ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን አለ፤ አዲስ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ይጎድለዋል። የአክሱም ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ለቅርስ ባለ ሥልጣን ይነገር፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ስለ ሆነ የግል ጨዋታ አይደለም። የሚያስቸኩለው ሌላው ነው። ጠገራው በየብር አንጥረኛው ቤት ቀልጦ መስቀልና ድሪ ሆኗል፤ ስሙኒውና ዐሥር ሳንቲሙም ምንም ስለማይገዙ በየቤቱ ጥግ እየወደቁ ይጠፋሉ።

እኔ እስካሁን ያጣሁት ክቡን 25 ሳንቲም ነው። የ፲፱፻፴፮ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከ50 ሳንቲሙ ጋር ስለሚምታታ ከገበያ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ የሆነው ተተካ። በቤቱ የቆየ ካለ ሁለት ባለ አበባ ስሙኒና አንድ የሱዳን ባለ ግመል ሰጥቼ ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።