ስለ መልክና ስለ መልክእ



በዛሬው ንግግራችን ሠዓሊ በቀለም፣ ደራሲም በቃል ስለሚሥለው የሰው መልክ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ብዙ ሰው የመልክ ሥዕል ቁም ነገሩ ባለቤቱን መምሰሉ ብቻ ይመስለዋል። ከመሰለ «ሠዓሊው ዐዋቂ ነው» ይባላል፤ ካልመሰለ ገንዘቡ በከንቱ እንደ ባከነ ይቈጠራል። ነገሩ መምሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ በመታወቂያ ወረቀታችን ላይ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ ከሥዕል ሁሉ በበለጠ ነበር፤ ዳሩ ግን ያን ፎቶግራፍ ደስ ብሎት ለወዳጁ የሚያሳይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የአባቶቻችን ሥራ ሲመረመር የመልክ ሥዕል ከመምሰል ሌላ ዓላማ እንደ ነበረው ይገለጣል። ማን አሠራው? ማንስ እንዲያየው ተሠራ? ይህን ሳንጠይቅ ሥዕሉን አየነው ለማለት አንችልም።

በግእዝ ሥነ ጽሑፍ «መልክእ» የሚባል የድርሰት ዐይነት መኖሩን አድማጮቻችን ያውቃሉ። መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ፣ የየቅዱሳኑም መልክእ አለ። ስሙ ራሱ መልክ ማለት ነው፤ «መልክአ ምድር» የምንለውም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ደራሲው ከስም መታሰቢያ ይነሣና ወደ ራስ ጠጉር ያልፋል፤ ከዚያም ራስን፣ ገጽን፣ ቅንድብን፣ ዐይንን እያለ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ይወርዳል። ለየአንዳንዱም የአካል ክፍል ቤት እየመታ ሰላምታ ያቀርባል። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ ይህን ድርሰት አንብቦ የቅዱሱን መልክ ልሣል ቢል ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዐይኑ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቁመቱ ረዥም ይሁን ዐጭር አይነገረውምና። የዐይኑን ቅርጽ ትቶ ዐይኑ ያየውን፣ የእጁንም ውበት ትቶ እጁ የሠራውን ይነግረዋል። የደራሲው ሐሳብ ባለ መልኩን ለማያውቀው ሰው ማሳወቅ አይደለም፤ በባለ መልኩ ፊት ቆሞ እጅ መንሣት ነው።

የግድግዳ ሥዕሎቻችንም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በጣና ባሕር ውስጥ፣ በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአጤ በካፋ ባለቤትና የዳግማዊ ኢያሱ እናት የነበረችው ይህች እቴጌ በዚያ ተሥላለች። የተሣለችው ግን በዙፋን ላይ ተቀምጣ አይደለም፤ የንግሥት ልብሷን እንደ ለበሰች ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ወድቃ ትታያለች። የእቴጌዪቱ ስም ራሱ ስለ ውበት የሚናገር ሆኖ ሳለ ሠዓሊው በመልኳ ውበት ብዙ አልደከመም። ሥዕሉ የተሠራው ባለ ሟሎቿ እንዲያደንቁት ሳይሆን ልመናዋ ከእርሷ ሞት በኋላም በዚያ ቦታ እንዳይቋረጥ ነውና ጉልበቷንና ግንባሯን ማሳየት በቂ ነበር።

በዚሁ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዐይናቸው ሲሣሉ፣ ክፉዎችና አጋንንት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐይን፣ በጎን ይሣሉ ነበር። በገንዘብ ላይ ግን ሌላ ሥርዐት እናገኛለን። ከእንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ ገንዘባቸው ላይ ያስቀረጹት መልክ የጎን መልክ ነው፤ በግራና በቀኝም የስንዴ ዘለላ ይከበዋል። አጤ ምኒልክም በፓሪስ አስቀጥቅጠው ባስመጡት፣ 1887 ዓ.ም. በተጻፈበት ብር ላይ ዘውድ ደፍተው በጎን ይታያሉ። የገንዘብ ተመልካቹ ነጋዴ ነውና፣ ነጋዴም ጻድቅና ኃጥእ አይለይበትም። ከዚያ በፊት በአገራችን ገበያ የነገሠው ጠገራ ብር የኦስትሪያዪቱ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞታ ሳለ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲቀጠቀጥ ኖሯል። ብሩን የሚቀበለው ሰው ንግሥቲቱን ይምሰል አይምሰል ብሎ አልተጨነቀም፤ የሚመረምረው የጌጧ ዕንቍ በትክክል መታየቱን ነበር።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ የሥዕል ትምህርት የተማረ ሠዓሊ ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የልብ ወለድ ታሪክ ደራሲም እርሱ ነው። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የምኒልክ ፊት እጅግ ያበራል፤ የአጤ ቴዎድሮስ ፊት ግን ጠቍሮ ይታያል። አንዱን ፊት ለማብራት አጠገቡ ያለውን ማጨለም የሠዓሊ ብልሃት መሆኑን ሳስብ፣ አፈ ወርቅ ብዕሩን ሲያነሣ ብሩሹን ያልጣለ ይመስለኛል። አማርኛው ውብ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን በውበቱ አልተሸነፈም። በ1912 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያስተውል ልብና የማያዳላ ፍርድ ሊኖረው እንደሚገባ አመልክቶ የአፈ ወርቅን አድልዎ ነቀፈ። የገብረ ሕይወት ወቀሳ ለኛ ብዙ ዋጋ አለው። መልክእ ማወደሱን አይሰውርም፤ አንባቢውም ውዳሴ መሆኑን ዐውቆ ይሰማዋል። ታሪክ ነኝ ብሎ የሚመጣ ውዳሴ ግን የሌላውን ሰው መልክ ሳያስፈቅድ ያበላሻል።

ቴዎድሮስን ካነሣን ዘንድ ነገሩን እንጨርሰው። ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡ፣ ሰውም የሚምልበት ኵርዓተ ርእሱ የተባለ የጌታችን ሥዕል ነበረ። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ድል በሆነ ጊዜ ተማርኮ፣ በኋላ በዋጋ ተመልሷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘችና ቴዎድሮስ ራሱን በገደለ ጊዜ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ይህን ሥዕል አገኘና ለራሱ ወሰደው፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ያው ሆምስ የንጉሡን ፊት ከሞቱ በኋላ ወዲያው በእጁ ሣለ። ቴዎድሮስ በሕይወቱ ሳለ የተነሣው የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ልጁ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ተወስዶ በሰባት ዓመቱ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ሴት ፎቶግራፍ ተነሣ። እነዚህን መልኮች ባለቤቶቻቸው አላሠሯቸውም፤ ሊያዩአቸው የታሰቡትም ዘመዶቻቸው አልነበሩም።

በአገራችን ግን የንጉሡ መልክ በቃል እንደገና ተሣለ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብሎ፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ» ብሎ የጨለመውን ፊት አበሩት። እርግጥ ነው፣ እንደኔ አስተያየት በአንዳንድ ቦታ ብርሃኑ በዝቷል፤ የደሬስጌው ድል አድራጊ ሲታይ በግዞት የታሰሩትና ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ከሥዕሉ ዳር ይጠፋሉ። ሆኖም ሠዓሊዎቹ ተለውጠው፣ ተመልካቹ የአገሩ ሰው ሆኗል።

ንጉሡ በሞተ ጊዜ መልኩን የሣለ የአንድ ሰው ዘመዶች የቴዎድሮስን የራስ ጠጉር ቍራጭ አቈይተው ለለንደኑ የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ሰጥተው ነበር። ሙዚየሙም በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ጠጉሩን ለኢትዮጵያ መልእክተኞች አስረከበ።