የቫልቭ ዘመን የድምፅ መለኪያዎችና የቢቸናና የሞጣ አድማጭ

«ሠራ» እና «ፈራ» በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው። የ«ሠ» ድምፅ ኃይል በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ የሬዲዮ መሣሪያ ይህን ከፍተኛ ክልል ካዳከመው አድማጭ ሁለቱን ቃላት ለመለየት ይቸገራል። ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ወይም በሞጣ ሆኖ የአዲስ አበባን ቃል በአጭር ሞገድ ለሚከታተል ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የመንግሥት ቃል ለዚያ አገር ገበሬ የርስትና የኑሮ ጉዳይ እንደ ነበረ፣ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት በ1960 ዓ.ም. በሁለቱ አውራጃዎች የተነሣው ዐመፅ ይመሰክራል።

የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ ድምፅ የሚጎላው በቫልቭ፣ ማለትም በተለምዶ የሬዲዮ አምፑል በሚባለው ነበር። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. በ100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ሥራ ሲጀምርም የኃይሉ ምንጭ ይኸው ቫልቭ ነበር። ይህን መሰል ሰንሰለት ለመፈተን ልኩ የታወቀ ንጹሕ ድምፅ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ምን ሆኖ እንደ ወጣ መለካት ያስፈልጋል።

ንጹሑን ድምፅ በርካሽ ማግኘት ግን ለብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። መፍትሔውን ያገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዊልያም ሂውሌት ሲሆን፣ ብልሃቱም አንዲት ተራ የመብራት አምፑል ናት። የሚመነጨው ሞገድ ከልኩ ማለፍ ሲጀምር የአምፑሏ ክር ይግላል፤ ሲግል መቋቋሙ ያድጋል፤ ይህም ወደ ቫልቩ የሚመለሰውን ገቺ ኃይል አጠንክሮ ሞገዱን ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ሞገዱ ሲያንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሂውሌትና ጓደኛው ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 ይህን መሣሪያ 200ኤ ብለው በ54.40 ዶላር ሲሸጡ፣ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡት ሌሎች መሣሪያዎች በብዙ መቶ ዶላር ይሸጡ ነበር። ዋልት ዲዝኒም «ፋንታዚያ» ለተባለው ፊልም የተሻሻለውን 200ቢ ስምንት ገዝቷል። ከአንድ አምፑል ይህን ያህል የተጠቀመ ሌላ የምሕንድስና ሥራ ማግኘት ያዳግታል።

ከሰንሰለቱ ሌላኛ ጫፍ የቫልቭ ቮልትሜትርና የመዛባት መለኪያ ይቆማሉ። የቫልቭ ካቶድ ሲያረጅ ኤሌክትሮን የማውጣት ኃይሉ ይደክማል፤ በድምፁም ውስጥ ያልነበሩ፣ የዋናው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሆኑ ንዝረቶች ይታያሉ። የመዛባት መለኪያው ዋናውን ንዝረት አጣርቶ አስቀርቶ የተረፈውን ብቻ ይለካል። ጆሮ የሚለምደውን ጉድለት መርፌው አይለምደውም።

አድማጩ ዘንድ ግን መለኪያ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ቦታ የቫልቭ ሬዲዮ ለክሩ ዝቅተኛ፣ ለአኖዱ 90 ቮልት ያህል የሚሰጡ ሁለት ዓይነት ባትሪዎች ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሬዲዮ ወደ ገጠር በስፋት የዘለቀው በትራንዚስተር ነው። በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፣ የጎጃም ወጣት ኤሌክትሪክን በትምህርት የሚያገኝበት ቦታ በአቅራቢያው አገኘ። በዚያን ጊዜ በምሥራቁም በምዕራቡም ዓለም የቤተ ሙከራ መለኪያ በአብዛኛው ገና በቫልቭ ይሠራ ነበር።

ዛሬ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ከመጋዘን የሚያወጣ ባልደረባ ወዲያው ከመስመር ጋር ማገናኘት የለበትም። በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ የወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮቹም አርጅተው ይሆናልና አስቀድሞ ይፈተሹ። አምፑሏ ግን አለአቅሟ ስለማትሠራ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆና ትገኛለች፤ በሌላ ዓይነት ከተተካች የሞገዱ ልክ ይለወጣል።