ስም ያልተጻፈበት ደብተር

የማኅበራችን የመጽሔት ዝግጅት ክፍል «ስለ እድገት በኅብረት ዘመቻ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ለእሷ ልደውልላት ነበር። ስልኩን ካነሳሁ በኋላ ነው ከቀበርናት ሦስት ወር እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በሕይወት ሳለች ስሟ በጽሑፍ እንዲወጣ አትወድም ነበር። በዚያ ዓመት ስድስት ኪሎ የነበራችሁ ግን ማንን እንደምል ታውቃላችሁ።

የማውቃት ከልጅነታችን ጀምሮ፣ ጉለሌ ነው። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የሰፈራችን እናቶች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም ነበርና ከክፍለ ሀገር ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያስጠሩት እሷን ነው። ገብታ ታነብላቸዋለች፣ መልሱን ትጽፋለች፣ ትወጣለች። እኔ በር ላይ ጠብቄ «ምን ይላል?» ስላት «የእትዬ ደብዳቤ እኮ ነው፤ ያንተ አይደለም» ትለኛለች። የአሥር ዓመት ልጅ! ያኔ ነው እንደ ትልቅ ሰው ማየት የጀመርኳት።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዘመቻው ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውና መምህሩ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ወደ ገጠር ወጣ። ቁጥራችን ወደ 60,000 ይጠጋ ነበር። እኔና እሷ ጎጃም ውስጥ አንድ ጣቢያ ደረሰን። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በደቡብ ጭሰኛው አዋጁን በደስታ ሲቀበለው፣ ርስት ባለበት በጎጃም ነገሩ ሌላ ነበር፤ ገበሬው ርስቴን ሊነኩብኝ ነው ብሎ ሰጋ። ደግሞም ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ተነስቶ መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዝምቶበታል። ለዚያ ገበሬ ደብተር ይዞ ስም የሚጠይቅ ሰው ግብር አስከፋይ ነው። እኛ ታዲያ መጀመሪያ ያደረግነው ምን መሰላችሁ? ደብተር ገልጠን «ስምዎ ማን ነው?» አልን። በማግስቱ አንድ ሰው አልመጣም።

አንዳንዶቻችን «ንቃት የለውም» ብለን ገበሬውን ወቀስን፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እሷ ግን ካርቶን ቆራርጣ፣ ለመጣው ሁሉ ስሙን ጽፋ እዚያው ትሰጠው ጀመር። «ይኸው፣ የርስዎ ነው፤ እኔ ጋ አይቀርም» ትላለች። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። እያደር ዛፉ ሥር መቀመጫ ጠፋ። ፊደል ያስቆጠረቻቸው ከገዛ ስማቸው ተነስታ ነው።

ዘመቻው ሁሉም መልካም ነበር አልልም። በየቦታው ከሹማምንትና ከባለመሬቶች ጋር ግጭት ተነስቶ የሞቱ ጓደኞች አሉን፤ ብዙዎችም ጣቢያቸውን ጥለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋ ሲጀመር እሷ የጉለሌ እናቶችን ማታ ማታ አስተማረች። እኚያ እትዬ የልጃቸውን ደብዳቤ ራሳቸው አንብበው «ከእንግዲህ አላስፈልግሽም፣ ሂጂልኝ» እንዳሏት እየሳቀች ነግራኛለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየሁም።

ታሪክ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «የዚያን ጊዜ ሰዎች ስም ስጪኝ» እያልኩ ጨቅጭቄያታለሁ። ባለፈው ፋሲካ «ና፣ የማስታውሰውን ልንገርህ» አለችኝ። ክረምቱ ይለፍ አልኳት። ክረምቱ ሳያልቅ ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ ልጇ የዘመቻ ደብተሯን ሰጠኝ። ቀንና የመጣው ሰው ብዛት ብቻ ነው ያለው፦ 2፣ 2፣ 5፣ 11፣ 34። አንድም ስም የለበትም። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ጉድለት ነው፤ እኔንም አሳዝኖኛል። ግን «እኔ ጋ አይቀርም» ብላቸው ነበር፤ አልቀረም።

ልጇን አስፈቅጄ ደብተሩን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ላስረክብ ነው። እናንተም በየቤታችሁ ያለውን አምጡ። ዛሬ የምታስተምሩ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ወደኛ ላኩ፤ እየቀነስን ነን። «ና፣ ልንገርህ» ያላችሁ ጓደኛ ካለ ደግሞ ክረምቱ ይለፍ አትበሉ።

ነፍሷን ይማር።