ከግሪክ ሐኪሞች እስከ አልመቅስ የአጥንት ኮረብታ

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርእሳችን የጥንት ግሪኮች የሰውን የውስጥ አካል እንዴት እንዳወቁት ነው። «ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ሬሳ ስለመክፈት ነው፤ በዲናችን ደግሞ የሟች አካል ክብር እንደ ሕያው ነው። በዚያ ላይ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል በዐረብኛ የተጻፈ ስለሆነ ትንሽ ብትታገሱን እንደርስበታለን።

በግሪክ ምድር ሬሳን ሳይቀብሩ መተው ከባድ ነውር ነበር፤ የነካውም ሰው እንደረከሰ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ዐረቦች ቡቅራጥ የሚሉት፣ ከልደት በፊት በ460 ገደማ በቆስ ደሴት የተወለደው ሂፖክራተስና ተከታዮቹ ስብራት መጠገን ቢያውቁበትም፣ ስለ ሆድ ዕቃ የነበራቸው እውቀት ከቁስል፣ ከታረደ እንስሳና ከግምት የተለቀመ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጣው አሪስቶትል (ከልደት በፊት 384–322) ብዙ ዓይነት እንስሳትን ከፍቶ መርምሯል። ያም ሆኖ የሐሳብ መቀመጫ ልብ ነው፣ አንጎል ደግሞ የልብን ሙቀት ማብረጃ ነው ይል ነበር። የሰው የውስጥ አካል ከሁሉ ይልቅ የማይታወቅ በመሆኑ፣ ሰውን የሚመስሉ እንስሳትን አይቶ ወደ ሰው ማዛመድ እንደሚያስፈልግም ጽፏል። ይህቺን ምክር ያዙልን፤ ብዙ ጣጣ ያመጣችው እርሷ ናት።

በሩ የተከፈተው ግብፅ ውስጥ ነው። ታላቁ እስክንድር ከልደት በፊት በ331 የቆረቆራት እስክንድርያ በበጥሊሞስ ነገሥታት እጅ ስትገባ የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነች። በዚያ ሁለት ሐኪሞች፣ ሄሮፊሉስና ኤራሲስትራቶስ፣ የሰውን ሬሳ ከፍተው መረመሩ። አንዳንዶች ይህ የሆነው ግብፃውያን ሬሳ ከፍቶ ማድረቅ ስለለመዱ ነው ይላሉ። እኛ ግን ዋናው ምክንያት የንጉሡ ፈቃድ ይመስለናል።

ሄሮፊሉስ የሐሳብ መቀመጫ አንጎል መሆኑን አሳየ። በግሪክኛ ጅማትና ነርቭ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። እርሱ ነርቭን ለየ፤ ስሜት የሚያደርሰውንና አካልን የሚያንቀሳቅሰውንም ለያይቶ ጻፈ። የበሽተኛን የደም ሥር ትርታ በውሃ ሰዓት ለካ። ከጨጓራ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት ክፍል በጣት ለክቶ «አሥራ ሁለት ጣት» አለው። ዛሬም ሐኪሞች «ዱኦዲነም» ሲሉ፣ ዐረቦችም «አልኢሥና ዐሸሪይ» ሲሉ፣ ያንኑ አሥራ ሁለት ቁጥር መጥራታቸው ነው።

ኤራሲስትራቶስ በበኩሉ የልብን ቫልቮች ገለጸ፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ መሆናቸውንም ተረዳ። ነገር ግን ደም ቅዳ የሚባሉት ሥሮች የሚሸከሙት አየር ነው አለ። በዚህ እንዳንስቅበት። በአረፋ ዕለት በግ ሲበለት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከልብ የሚወጣው ወፍራም ቱቦ አፉን እንደከፈተ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እርሱም ያየው ይህንኑ ነው። ስህተቱ በሞተ አካል ያየውን በሕያው ላይ መፍረዱ ነበር።

አሁን ከባዱን ነገር እንናገር። ከሦስት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ የጻፈው ሮማዊው ቼልሱስ እንደሚለው፣ ሁለቱ ሐኪሞች ከነገሥታቱ ወህኒ ቤት የተሰጧቸውን እስረኞች በሕይወት እያሉ ቀድደዋቸዋል። የሐኪሞቹ መጻሕፍት ስለጠፉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ቼልሱስ ራሱ የፈረደው ፍርድ ግን ግልጽ ነው፤ ሕያውን መቅደድ ጭካኔም ከንቱም ነው፣ ሟችን መክፈት ግን ለተማሪ ያስፈልጋል አለ። ወሬው እውነት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ግኝት የእነዚያን ሰዎች ስቃይ አያካክስም። ወንጀላቸው ምን ነበር? ስማቸውስ ማን ነበር? የጻፈው የለም።

ከእነርሱ ትውልድ በኋላ በሩ ተዘጋ። ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት ጋሌን እ.ኤ.አ. በ129 በጴርጋሞን፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሲወለድ የሰው ሬሳ መክፈት ከቀረ ዘመናት አልፎ ነበር። በወጣትነቱ የግላዲያተሮች ሐኪም ስለነበረ የሰውን ውስጥ በቁስላቸው በኩል አየ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ከመቃብር ያወጣውን አጽም፣ ሌላ ጊዜ መንገድ ዳር ተጥሎ አሞራ ሥጋውን የበላውን የሽፍታ አጽም መርምሯል። አጥንት መማር የሚሻም እስክንድርያ ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ ይመክር ነበር። የቀረውን ከዝንጀሮ፣ ከአሳማና ከበሬ ተማረ። ብልህ ሰው ነበር። የአንዱን ደም ቅዳ ሁለት ቦታ አስሮ መሐሉን ሲቀድደው ደም ወጣ፤ የኤራሲስትራቶስ አየር በዚያው ቀረ።

ነገር ግን ያቺ የአሪስቶትል ምክር እርሱንም አሳሳተችው። በበግና በበሬ አንጎል ሥር ያለውን የደም ሥሮች መረብ ለሰውም ሰጠ፤ ሰው ግን የለውም። የልብ መሐል ግድግዳ ደም የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው አለ። የታችኛው መንጋጋም ሁለት አጥንት ነው አለ፤ በውሻና በሌሎች ብዙ እንስሳት እንደዚያ ነውና። ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 መጽሐፉን እስኪያሳትም ድረስ አውሮፓ ይህን እንደ እውነት ይዞ ኖረ።

ሙስሊሞችስ? በበግዳድ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ (እ.ኤ.አ. 809–873) የሚባል ክርስቲያን ሐኪምና ባልደረቦቹ የጋሌንን መጻሕፍት ተረጎሙ። ሁነይን በመልእክቱ 129 ያህል ሥራዎችን ዘርዝሯል። ጋሌን ስለ አካል ምርመራ በ15 ክፍል የጻፈው ትልቁ ሥራ ከ9ኛው ክፍል አጋማሽ ጀምሮ በግሪክኛ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚገኘው በዐረብኛ ብቻ ነው።

ያስተማራቸውን ሰው ቢያከብሩም ከዓይናቸው አላስቀደሙትም። በ597 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1200/1201) ግብፅን ጽኑ ረሃብ መታት። አብዱልለጢፍ አልበግዳዲ የጋሌንን መጽሐፍ የሚያስተምሯቸው ደረሳዎች አልገባቸው ሲል፣ በካይሮ አቅራቢያ አልመቅስ በሚባል ቦታ የሬሳ ኮረብታ እንዳለ ሰሙና አብረው ሄዱ። መቅደድ አላስፈለጋቸውም፤ የተራበ ሕዝብ አጥንት በሜዳ ላይ ነበር። ከ2,000 በላይ የራስ ቅል መረመሩ። የታችኛው መንጋጋ መጋጠሚያ የሌለው አንድ አጥንት ነው። ጥርጣሬ እንዳይቀርም ሌሎች ሰዎች እርሳቸው በሌሉበት እንዲመረምሩ አደረጉ። ጋሌን ምንም ጠንቃቃ ቢሆን ዓይን ከእርሱ የበለጠ ምስክር ነው ብለው ጻፉ።

ኢብኑ አንነፊስ ደግሞ በ640 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1242) የልብ ግድግዳ ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፉ። በዚያው መጽሐፍ ሬሳ ከመክፈት ሸሪዓና በተፈጥሯቸው ያለው ርኅራኄ እንደከለከሏቸው ይናገራሉ። ይህ ጽሑፋቸው በኋላ ተረሳ፤ ሙሕይዲን አጥጠጣዊ የሚባል ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።